ከርከዴው የመሰከረው፦ የኮምጣጣ ነገሮች አለካክ ታሪክና አንድ እርማት

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ እንዲሁም ይህን ንግግር በመጽሔታችን ገጽ ላይ የምታነቡ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው ዝግጅታችን የሚጀምረው በእርማት ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ስለ ሙስሊም ሊቃውንት ባቀረብነው ተከታታይ ዝግጅት ላይ ጃቢር ኢብኑ ሐያንን ሳነሳ «ሰልፈሪክ አሲድን፣ ናይትሪክ አሲድንና ሃይድሮክሎሪክ አሲድን ፈልስፎ ለዓለም ያበረከተ» ብዬ ነበር። ከአንድ ጽሑፍ ያገኘሁትን ነው የተናገርኩት። ጽሑፉም ከሌላ ጽሑፍ የወሰደው ይመስለኛል።

በማግስቱ አንዲት እህታችን ስልክ ደወሉልኝ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህርት ናቸው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ «ኡስታዝ፣ ያንን ያሉት ከየትኛው ኪታብ ነው?» አሉኝ። የጽሑፉን ርዕስ ነገርኳቸው። «እርሱንማ እኔም አንብቤዋለሁ። እኔ የጠየቅኩዎት የጃቢርን ኪታብ ነው» አሉ። ዝም አልኩ። መምህርቷም ዝምታዬን አላራዘሙትም። «ማክሰኞ ከዘጠነኛ ክፍል ልጆቼ ጋር አሲድና ቤዝ እንለካለን፤ ይምጡና ይዩ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ታሪኩ እንነጋገራለን» ብለው ጋበዙኝ።

ሄድኩ። ኮሌጅ ሳለሁ ኬሚስትሪ የተማርኩት በጠመኔና በሰሌዳ ስለነበር፣ እንዲህ ዓይነት ሙከራ በዓይኔ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በጠረጴዛው ላይ በሲኒና በብርጭቆ የተደረደሩት ነገሮች ሁሉ ከቤትና ከሱቅ የመጡ ናቸው። የሎሚ ጭማቂ፣ አቼቶ፣ ኮካ ኮላ፣ ቡና፣ ወተት፣ ከእንጀራ ሊጥ ላይ የተቀዳ እርሾ፣ የቧንቧ ውሃ፣ ቤኪንግ ሶዳ የሟሟበት ውሃ፣ የሳሙና ውሃ፣ አጥሉለው ያጠለሉት የአመድ ውሃ፤ ለብቻው ደግሞ በመስኮቱ በኩል ክዳኑ የተዘጋ በረኪና። የሊትመስ ወረቀቱ አልቆ ነበር። ስለዚህ መምህርቷ ማታ ከርከዴ አፍልተው አጥልለው አምጥተዋል።

ከርከዴ የማያውቅ አድማጭ ያለ አይመስለኝም፤ በረመዷን ስንቱ ቤት ያፈጥርበታል። ቀይ ቀለሙ የሚመጣው አንቶሲያኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ይህ ንጥረ ነገር ኮምጣጣ ነገር ሲያገኝ ደምቆ ይቀላል፣ የሳሙና ዓይነት ነገር ሲያገኝ ደግሞ ወደ ሐምራዊ፣ ወደ ሰማያዊ ከዚያም ወደ አረንጓዴ ይዞራል። ልጆቹ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እየቀዱ ማንጠባጠብ ጀመሩ። ሎሚው ላይ ሲንጠባጠብ እንደ ሮማን ፍሬ ቀላ። ወደ ሳሙናው ውሃ የጨመረው ልጅ ግን ተበሳጨ፤ ቀለሙ ቀይ እንደሆነ ቀረ። «ቲቸር፣ አልሰራም!» አለ። እርሳቸውም «ስንት ጨመርክ?» ብለው ሲጠይቁት ግማሽ ሲሪንጅ ነው። ከርከዴ ራሱ ኮምጣጣ ነው፤ ሲበዛ ሳሙናውን ያሸንፈዋል። ቀለሙን በውሃ አቅጥነው በሁለት ጠብታ ቢሞክሩት ወዲያው አረንጓዴ ሆነ። መለኪያው ራሱ የሚለካውን ነገር እንደሚለውጥ እዚያች ሲኒ ውስጥ አየሁ።

ታዲያ ይህ ነገር ከማን ተጀመረ? ሰው ኮምጣጣን ከጥንት ጀምሮ በምላሱ ነው ሲለካ የኖረው። አቼቶ፣ ዐረቦች ኸል የሚሉት፣ በማድቤት የታወቀ ነገር ነበር። ሙስሊም በሶሒሓቸው እንደዘገቡት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማባያ ጠይቀው ከኸል በቀር የለም በተባሉ ጊዜ፣ እርሱኑ አስመጥተው እየበሉ ማባያነቱን አወድሰዋል። የዘገበው ሶሓባው ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ ነው። (ይህ ጃቢር ሌላ ነው፤ ከኬሚስቱ ጋር እንዳታምታቱት።) ፉቀሃዎችም ስለ ኸል ብዙ ተነጋግረዋል። ወይን ጠጅ በራሱ ጊዜ ወደ ኸል ከተለወጠ ንጹሕ እንደሚሆን ተስማምተዋል። ሰው ሆን ብሎ ቢለውጠውስ በሚለው ግን ሐነፊዮች ሲፈቅዱ ሻፊዒዮችና ሐንበሊዮች አይፈቅዱም። በኬሚስትሪ ዓይን ሲታይ የሚሆነው ነገር፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ከአየር ኦክስጅን ወስደው አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ መለወጣቸው ነው።

የኮምጣጣ ተቃራኒ የሆነው ነገር ስሙ ከእኛው ኪታቦች ቋንቋ የመጣ ነው። ዛሬ ዓለም ሁሉ «አልካሊ» የሚለው ዐረብኛው «አል-ቀሊ» ነው። በሻምና በዒራቅ በረሃዎች ጨዋማ አፈር ላይ የሚበቅሉ ቁጥቋጦዎች አሉ፤ እነርሱ ተቃጥለው የሚቀረው አመድ ነው ቀሊ የተባለው። ከወይራ ዘይት ጋር ሲፈላ ሳሙና ይሆናል። የናብሉስና የሐለብ ሳሙና ዝናው ከዚህ የመጣ ነው። ፊቅህ የቀራ ሰው «ኡሽናን» የሚለውን ቃል ያውቃል፤ እጅና ልብስ የሚታጠብበት ተክል ነው። በመድረሳ ሳለን ኡስታዛችን «እንደ ሳሙና ያለ ነገር» ብለው አልፈውት ነበር፤ እውነትም ነበራቸው። ኡሽናን ቀሊ ከሚገኝባቸው ተክሎች አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋ የሚወድ ሰው ፈገግ የሚልበት ነገር አለ። በዛሬው ዐረብኛ አሲድ «ሐምድ» ይባላል፤ በዳል ሳይሆን በዷድ ነው፣ ምስጋና ከሚለው ቃል ጋር አይገናኝም። የጥንት ዐረብ ደግሞ ግመል የምትግጠውን ያንኑ ጨዋማ ቁጥቋጦ «ሐምድ» ይለው ነበር። እንግዲህ የአሲድ ስም የወጣለት ተክል ሲቃጠል የሚሰጠው አልካሊ ነው! የጠቢባን ቋንቋ ሳይሆን የምላስ ቋንቋ ስለሆነ ነው። ምላስ ጨዋማውንም ኮምጣጣውንም ባንድ ስም ትጠራለች።

ወደ ጃቢር ልመለስ። ጃቢር ኢብኑ ሐያን በሂጅራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን እንደኖረ ይነገራል፤ በስሙም እጅግ ብዙ ሪሳላዎች አሉ። ይሁን እንጂ ኢብኑ ነዲም በ377 ዓ.ሂ. ባዘጋጀው «አል-ፊህሪስት» ላይ፣ በዘመኑ ከነበሩ ዐሊሞችና መጽሐፍ ነጋዴዎች አንዳንዶቹ ጃቢር የሚባል ሰው አልነበረም እንደሚሉ ጠቅሷል፤ እርሱ ራሱ ግን ይህን አልተቀበለም። በእኛ ዘመን ፖል ክራውስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ባሳተመው ሰፊ ጥናት፣ በስሙ ያሉት ጽሑፎች ከአንድ ሰው እጅ የወጡ ሳይሆኑ የብዙ ጸሐፊዎች ሥራ ናቸው ብሏል። የእነዚያ ብርቱ አሲዶች ግልጽ አሠራርስ የት ይገኛል? ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በላቲን «ጌበር» በሚል ስም በወጡ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ጌበር ጃቢር የሚለው ስም ላቲንኛ መልክ ነው። ነገር ግን መጻሕፍቱ ከዐረብኛ የተተረጎሙ አይደሉም፤ አንድ የአውሮፓ ሰው ስሙ እንዲከበርለት የጃቢርን ስም ለብሶ የጻፋቸው ናቸው ተብሎ ይታመናል። ከዐረብ ተመራማሪዎች በኩል፣ ለምሳሌ እንደ አሕመድ ዩሱፍ አል-ሐሰን ያሉት፣ በዐረብኛ ጽሑፎችም ውስጥ የእነዚህ አሲዶች ፍንጭ አለ ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ አለ። እኔ በሬዲዮ የተናገርኩት ግን ክርክሩን ሳይሆን ውሳኔውን ነበር።

ሐዲስ ስንቀራ ሰነዱ የተቆረጠን ወሬ ምን እንደምንለው ታውቃላችሁ። ስለ ሙስሊሞች ክብር ሲሆን ሰነድ መጠየቅ የምንተወው ለምንድን ነው? መምህርቷ ይህን ጥያቄ በአፋቸው አልጠየቁኝም፤ ሲሪንጁን ለአንዲት ልጅ እያቀበሉ ዝም ብለው አዩኝ።

ያለ ጥርጥር የሚነገር ነገርማ ሞልቷል። አቡ በክር ሙሐመድ ኢብኑ ዘከሪያ አር-ራዚ፣ እ.ኤ.አ. ከ865 እስከ 925 ገደማ የኖረው የረይ ሐኪም፣ «ኪታቡል አስራር» በተባለ መጽሐፉ የሥራ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ዘርዝሯል። ምድጃውን፣ ማቅለጫውን፣ ማጣሪያውን ሁሉ። ንጥረ ነገሮችንም ከማዕድን፣ ከዕፅዋትና ከእንስሳት የሚገኙ ብሎ ከፍሏቸዋል። አንድ ሰው መጽሐፉን ይዞ ሥራውን መድገም ይችላል። ለእኔ ይህ ከሦስት አሲዶች ስም ይበልጣል።

አሁን ወደ ቀለሙ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1664 ሮበርት ቦይል የተባለ የአየርላንድ ተወላጅ ስለ ቀለሞች የሠራቸውን ሙከራዎች በእንግሊዝ አገር አሳተመ። በዘመኑ በመድኃኒት ቤቶች የቫዮሌት አበባ ሽሮፕ ለሳል ይሸጥ ነበር። ሽሮፕ የሚለው ቃል «ሸራብ» ነው፤ የቫዮሌቱም ሽሮፕ «ሸራቡል በነፍሰጅ» በሚል ስም በዐረብኛ የመድኃኒት ኪታቦች የታወቀ ነው። ቦይል ይህን ሰማያዊ ሽሮፕ ነጭ ወረቀት ላይ አንጠባጠበና አቼቶ ሲጨምርበት ቀላ። ከአመድ የሚገኘውን ጨው ሲጨምርበት አረንጓዴ ሆነ። ልክ እንደ ከርከዴው ማለት ነው፤ ሁለቱም ያ አንቶሲያኒን አላቸው። ቀለም የሚለወጥ መሆኑን ልብስ የሚያቀልሙ ባለሙያዎች ከእርሱ በፊት ያውቁ ነበር። ቦይል የጨመረው ሐሳብ ይህ ነው፦ ቀለሙ ሁልጊዜ እንዲህ የሚሆን ከሆነ፣ የማላውቀውን ፈሳሽ ምንነት በእርሱ ልጠይቀው እችላለሁ። የሚያቀላው አንድ ወገን፣ አረንጓዴ የሚያደርገው ሌላ ወገን፣ ምንም የማይለውጠው ደግሞ ሦስተኛ ወገን። መቅመስ ቀረ። የመርዝን ምንነት በምላስ መፈተን ስንት ሰው እንደገደለ አላህ ያውቃል።

ሊትመስ የሚባለው የሚገኘው ከድንጋይ ሽበት ነው። አዎ፣ በዓለትና በዛፍ ግንድ ላይ የሚያድገው ያው የድንጋይ ሽበት፤ ሁሉም ዓይነት ግን አይደለም። ሆላንዶች ፈጭተው ከሽንትና ከኖራ፣ ከአመድም ጋር ለሳምንታት እያብላሉ ሰማያዊ ቀለም ያወጡበት ነበር። የዚሁ ቤተሰብ የሆነ፣ ለጨርቅ ሐምራዊ ማቅለሚያ የሚሆን የድንጋይ ሽበት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዛንዚባርና ከሶማሌ የበናዲር ጠረፍ እየተለቀመ በመርከብ ይላክ ነበር። የጎረቤቶቻችን አባቶችና እናቶች ከቁጥቋጦ ላይ የፋቁት ነገር በአውሮፓ ገበያ ዋጋ ያወጣ ነበር ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ከከርከዴው ይበልጥ ገረማቸው።

መለካት ከመለየት ይለያል። ሎሚ ኮምጣጣ ነው ማለት አንድ ነገር ነው፤ ምን ያህል? ማለት ሌላ ነው። ይህን ያስጠየቀው ንግድ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የበፍታ ጨርቅ ለማንጣት፣ ሳሙናና መስተዋት ለመሥራት ከእንጨት አመድ የሚወጣው ፖታሽ በብዛት ይገዛ ነበር፤ አሸዋና ጨው እየቀላቀለ የሚሸጥም አልጠፋም። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ፍራንሲስ ሆም እ.ኤ.አ. በ1756 ባሳተመው ሥራ አመዱ ላይ ናይትሪክ አሲድ በሻይ ማንኪያ እየጨመረ፣ አረፋው እስኪቆም ድረስ ስንት ማንኪያ እንደፈጀ ቆጠረ። ብዙ ማንኪያ የፈጀው ጥሩ አመድ ነው። በ1767 ደግሞ ዊልያም ልዊስ ከአሜሪካ የሚመጣውን ፖታሽ ሲመረምር አረፋውን መጠበቅ ትቶ በሊትመስ የተነከረ ወረቀት ተጠቀመ፤ ቀለሙ በዞረበት ቅጽበት ቆመ። ሚዛን ማጉደልን ስለሚከለክለው የቁርአን ምዕራፍ ስንት ኹጥባ አድርገናል! የአመድን ሚዛን የሚያስተካክል ወረቀት ግን ወደ አእምሮዬ መጥቶ አያውቅም ነበር።

ቀለሙ ለምን እንደሚለወጥ ለማወቅ ረጅም ጊዜ ፈጀ፤ ታላላቆቹም ተሳስተዋል። ፈረንሳዊው ላቩዋዚዬ አሲድን አሲድ የሚያደርገው ኦክስጅን ነው ብሎ አስቦ፣ ለጋዙ ስም ያወጣለት «አሲድ ወላጅ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ነው። ሃምፍሪ ዴቪ በ1810 ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ጨርሶ ኦክስጅን እንደሌለ አሳየ። ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልተነሳም፤ ስህተት በስም ከታሰረ መፍታቱ ከባድ ነው። ዴቪን ካነሳሁ አይቀር፣ በ1807 በኤሌክትሪክ ኃይል ከፖታሽ ውስጥ አዲስ ብረት ያወጣው እርሱ ነው። ያ ብረት፣ ፖታሲየም፣ በኬሚስቶች ሠንጠረዥ የሚወከለው ካሊየም በሚለው ስሙ የመጀመሪያ ፊደል ነው። ካሊየም የመጣው ከዚያው ከቀሊ ነው። ልጆቹ በግድግዳው ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ዞር ብለው አዩት።

በ1884 ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ጨዎችና አሲዶች ውሃ ውስጥ ሲገቡ ኤሌክትሪክ ወደተሸከሙ ቅንጣቶች፣ ወደ አዮኖች፣ ይለያያሉ አለ። መምህራኑ ዝቅተኛ ማዕረግ ሰጡት። በ1903 በዚያው ሐሳብ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በእርሱ አመለካከት ኮምጣጣ ማለት በውሃ ውስጥ የሃይድሮጂን አዮን የሚለቅ ነገር ነው፤ አልካሊ ደግሞ ተቃራኒውን።

አሁን ወደ ቁጥሩ ደረስን፤ እዚህ ላይ አድማጮቼ ታግሳችሁ ስሙኝ። ዛሬ በዓለም ያለ ተማሪ ሁሉ የሚጠቀምበት ፒኤች የሚባለው መለኪያ የተወለደው በቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ካርልስበርግ የተባለው የዴንማርክ ቢራ ጠማቂ ድርጅት በ1875 በኮፐንሃገን የምርምር ላቦራቶሪ አቋቁሞ ነበር። ከ1901 ጀምሮ የኬሚስትሪ ክፍሉን ይመራ የነበረው ሶረን ሶረንሰን የተባለ ኬሚስት ኢንዛይሞችን ሲያጠና፣ ሥራቸው በኮምጣጣነቱ መጠን እጅግ እንደሚወሰን አየ። ቁጥሮቹ ግን አስቸጋሪ ነበሩ። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለው የሃይድሮጂን አዮን መጠን ዜሮ ነጥብ ብሎ ስድስት ዜሮ ከተጻፈ በኋላ ነው አንድ የሚመጣው። ሶረንሰን በ1909 ባወጣው ጽሑፍ በሎጋሪዝም ዜሮዎቹን ወደ አንድ ቁጥር አጠፋቸው። ንጹሕ ውሃ 7 ሆነ። ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ አልካሊ። «ፒ»ዋ ምን ማለት እንደሆነች በግልጽ ስላልጻፈ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የቢራውን ነገር ሰምታችሁ ፊታችሁን እንዳታዞሩ። ቢራው ለጠጪዎቹ ይሁን፤ ቁጥሩን ዛሬ የውሃ ባለሙያውም፣ የአፈር መርማሪውም፣ የሆስፒታሉ ላቦራቶሪም ይዞታል።

መምህርቷ በሰሌዳው ላይ ቁጥሮቹን ጻፉ። የሎሚ ጭማቂ 2 ገደማ፣ አቼቶ በ2 ተኩልና በ3 መካከል፣ ኮካ ኮላ 2 ተኩል ገደማ፣ በደንብ የቦካ የእንጀራ ሊጥ ወደ 4፣ ቡና 5 ገደማ፣ ወተት 6 ተኩል፣ ቤኪንግ ሶዳ 8 ከምናምን፣ የአመድ ውሃ ከ10 በላይ፣ በረኪና ከ11 በላይ። ከዚያ «ሎሚ ከቡና በስንት እጥፍ ይኮመጥጣል?» ብለው ጠየቁ። «በሦስት» አለ አንዱ ፈጥኖ። እኔም በልቤ እንደዚያው ብዬ ነበር። ለካ አንድ ቁጥር በወረደ ቁጥር አዮኑ አሥር እጥፍ ይጨምራል። ከ5 ወደ 2 ሦስት ደረጃ ነው፤ አሥር ጊዜ አሥር ጊዜ አሥር፣ አንድ ሺህ እጥፍ ማለት ነው። ኮካ ኮላ ከአቼቶ ጎን መቆሙም ብዙዎችን አስደነገጠ፤ ስኳሩ ነው ምላሳችንን የሚያታልላት። ጥርስ ግን አይታለልም።

ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «ከዜሮ በታችስ አለ?» አለች። መምህርቷ ደስ አላቸው። ብዙ ሰው መለኪያው ከ0 እስከ 14 ብቻ ይመስለዋል፤ አይደለም። በአፋር ምድር ዳሎል ላይ የሚፈልቀው ቢጫና አረንጓዴ ውሃ ሲለካ ከዜሮ በታች ሆኖ ተገኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ስለዚሁ የታተሙ ጥናቶች አሉ። ከዚያው ስምጥ ሸለቆ ወደ ደቡብ ብንወርድ የሻላና የአቢጃታ ሐይቆች ወደ 10 የሚደርስ አልካሊ ናቸው፤ ከአቢጃታ ሶዳ አሽ ሲመረት የኖረውም ለዚህ ነው። በአንድ አገር ውስጥ እንዲህ የተራራቁ ውሆች! ልጅቷ ደብተሯ ላይ ዳሎል ብላ ጽፋ ሁለቴ አሰመረችበት።

ቡናውና ኮካው ግን በከርከዴ አልተለኩም። ጠቆር ያለ ፈሳሽ ውስጥ ቀለም አይታይምና። ይህ ችግር የእኛ ክፍል ብቻ አልነበረም። በ1934 በካሊፎርኒያ የሎሚና የብርቱካን አምራቾች ማኅበር ውስጥ የሚሠራ ኬሚስት የሎሚ ጭማቂ ኮምጣጣነት መለካት ቸግሮት ነበር። ጭማቂው እንዳይበላሽ የሚጨመርበት ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሊትመሱን ቀለም ያጠፋዋል። ኬሚስቱ ወደ ቀድሞ የትምህርት ጓደኛው ወደ አርኖልድ ቤክማን ሄደ። ከመስታወት የተሠራ ኤሌክትሮድ በጀርመን አገር ከ1909 ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ግን እጅግ ደካማ ነው። ቤክማን የሬዲዮ አምፑል ወስዶ ያንን ደካማ ምልክት አጎላበት። ያው እኛ ድምፃችንን ለእናንተ የምናደርስበት ዓይነት ጥበብ መሆኑ ነው። ጓደኛው ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛ መሣሪያ ፈለገ፤ የሥራ ባልደረቦቹ የመጀመሪያውን እየተዋሱ ስላስቸገሩት ነው። ቤክማን ገበያ እንዳለው የገባው ያኔ ነው። በ1935 በ195 ዶላር ለገበያ አቀረበው። በመንገድ ዳር የሚሸጥ ሎሚ በአእምሯችን ያለ ታሪክ አይመስለንም፤ የዛሬው ፒኤች መለኪያ ግን የሎሚ ልጅ ነው።

በመሀል ስለ በረኪናው አንድ ነገር ልበል፤ እናቶችና እህቶች በተለይ ስሙኝ። መምህርቷ በረኪናውን በመስኮት በኩል ያራቁት ያለ ምክንያት አይደለም። በረኪና ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ሽንት ቤት ከሚታጠብበት አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1915 ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር በተባለ ቦታ ወታደሮች እንዲሞቱበት የተለቀቀው ያው ጋዝ ነው። «ሁለቱ ቢቀላቀሉ ይበልጥ ያጸዳል» ብሎ በጠባብ መታጠቢያ ቤት በር ዘግቶ የሚያጥብ ሰው በራሱ ላይ ምን እየለቀቀ እንደሆነ ይወቅ። በአንድ ባልዲ አትቀላቅሏቸው፤ ሽታው ከተሰማችሁ ወዲያው ወደ አየር ውጡ።

ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል አንድ ልጅ ከቦርሳው ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። አያቱ ከሐጅ ያመጡት ዘምዘም ነው። «ቲቸር፣ ይህንንስ?» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ መምህርቷም እኔን አዩኝ። ልጁ የሚጠብቀው አንድ ታላቅ ነገር እንደሆነ ዓይኑ ይናገር ነበር። ለካ አልኩት። ትንሽ ቀድቶ ከቀጠነው ከርከዴ ሁለት ጠብታ ጨመረበት። ቀለሙ ቀስ ብሎ ወደ ሐምራዊ ዘወር አለና እዚያው ቆመ። መምህርቷ ዘምዘም ወደ 8 የሚጠጋ እንደሆነ፣ ይህም በውስጡ ካሉት የማዕድን ጨዎች እንደሚመጣ፣ ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው የጉድጓድ ውሆችም እንዳሉ ነገሩት። ልጁ ትንሽ ከፋው መሰለኝ፤ ወደ እኔ ዞሮ «ኡስታዝ፣ በኢንተርኔት ላይ አልካላይን ስለሆነ በሽታ ያድናል፣ የደምን አሲድ ያጠፋል ይላሉ» አለኝ።

እዚህ ላይ እንደገና መሳሳት አልፈለግሁም። የሰው ደም ፒኤች በ7.35ና በ7.45 መካከል ነው፤ ሳንባና ኩላሊት ሌትና ቀን የሚጠብቁት ነው። የምንጠጣው ውሃ መጀመሪያ የሚወርደው ከሎሚ ባልተናነሰ ወደሚኮመጥጥ ጨጓራ ነው፤ አልካሊ ነው ተብሎ በውድ የሚሸጥ የታሸገ ውሃም ደምን አይለውጥም። ዘምዘምን የምንወደው በሐዲስ በመጣው ነው፤ ያ ደግሞ ሰነድ አለው። ፒኤቹ 8 ቢሆን 6 ቢሆን በዚያ ላይ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም የለም። ይህንን አልኩት። ያኔ መምህርቷን ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ሰሌዳውን እያጠፉ ነበር።

ልጁ ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ አየው፤ ከግማሽ በላይ ቀርቷል። «የቀረውን ምን ላድርገው?» አለኝ።

«ቢስሚላህ ብለህ ጠጣው» አልኩት።